ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?

የጋራዥ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄ፣ የመካኒኩ መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አሮጌ ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ ቤት ስለሆነው መኪና፣ ናቸው። አልገረመኝም። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የኛ ሰው የሽያጭ ማስታወቂያ ማገላበጥ ይጀምራል። አዲስ ሞተርሆም ዋጋው የቤት ያህል ነው። በፈረንጆቹ 60ዎቹና 70ዎቹ የተሠራው ግን አንዳንዴ ካገለገለ ካምሪ ባነሰ ይገኛል። ይገዛል፣ ግቢ ይቆማል። ከዚያ ባለቤቱ ውስጡን መፈተሽ ሲጀምር ግራ ይገባዋል። ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቅ ቧንቧ ያገኛል። ቢጫኑት ምንም የማይሠራ ማብሪያ ያገኛል። ፎቶ ይነሳና ወደ እኔ ይላካል።

እኔ ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ያልፈታሁት የጭነት መኪና የለም፤ ሞተርሆም ግን በዓይኔ አላየሁም። እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ጋራዥ ከከፈትኩ ወዲህ ነው ከሮኪ ተራሮች እየተጎተተ የሚወርደው ሁሉ እጄ የገባው። መላው አንድ ነው። ማብሪያውን እያዩ መፈላሰፍ አያስፈልግም። ከጀርባው ያለውን ቱቦ ወይም ሽቦ በእጅ ባትሪ እስከ መጨረሻው መከተል ነው። ሞተርሆም ውሃውን፣ ጋዙን፣ መብራቱንና ሽንት ቤቱን ተሸክሞ የሚዞር ቤት ነው። ቱቦው መጨረሻው ላይ ከነዚህ አንዱን ያገኛል። መጨረሻውን ሳያዩ የሚነቅሉ ሰዎች ናቸው የእኔን እንጀራ የሚያበስሉት።

ወደ ጥያቄዎቹ እንግባ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በ1968 የተሠራ ሞተርሆም ገዝቻለሁ። በቀኝ በኩል፣ ከውጭ ግድግዳው ላይ፣ የጎማ ንፋስ መሙያ የመሰለ ቫልቭ አለ። ከጎማዎቹ ሁሉ ይርቃል። ባለቤቴ «የድሮው ባለቤት ጎሚስታ ነበር» እያለች ትስቃለች። ነቅዬው ቀዳዳውን ልድፈነው? — ዳ.፣ ከዴንቨር

መልስ፦ የጎማ ቫልቭ የመሰለህ እውነትም የጎማ ቫልቭ ነው። የሚነፋው ግን ጎማ አይደለም። የውሃ ታንክህ ነው።

በዚያ ዘመን ቧንቧ ሲከፈት ራሱ የሚነሳ፣ ሲዘጋ ራሱ የሚቆም ትንሽ ፖምፓ በየመኪናው አልነበረም። ስለዚህ አንዳንድ ሠሪዎች ፖምፓውን ትተው በንፋስ ተጠቀሙ። አልጋ ወይም ሶፋ ሥር ወፍራም የብረት ታንክ ያስቀምጣሉ። ውሃ ይሞላበታል፣ ግን እስከ አፉ አይደለም። ከላይ ለንፋስ ቦታ ይተዋል። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል። ነዳጅ ማደያ ሲደርሱ ጎማ በሚነፉበት ቱቦ በዚያ ቫልቭ ንፋስ ይሞላሉ። የታመቀው ንፋስ ውሃውን ይገፋዋል። የማጀቱን ቧንቧ ስትከፍት ይፈስሳል፣ ሻወሩም ይሠራል። አትክልት ላይ የሚረጨው፣ በእጅ እየተነፋ የሚሠራው መርጫ ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ ላይ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰርም ተገጥሟል። ያኔ ቫልቩ ለመጠባበቂያ ነው።

ጎረቤቶቹንም እያቸው። ከቫልቩ ብዙም ሳይርቅ የውሃ መሙያ ክዳን ይኖራል። ጎሚኒ ያለው፣ ተጠምዝዞ ጥርቅም የሚል ከሆነ ግፊት እንዲችል የተሠራ ነው። ንፋሱን ማስተንፈሻ ትንሽ መክፈቻም ፈልግ። ድሮ መሙያውን ከመክፈታቸው በፊት መጀመሪያ ያንን ያስተነፍሱ ነበር። ካልሆነ ውሃው ፊታቸው ላይ ነው የሚወጣው።

አሁን ዋናው ነገር። አልጋውን አንሳና ታንኩን በዓይንህ እየው። ድብልብል፣ ጫፍና ጫፉ ጎበጥ ያለ የብረት ታንክ ከሆነ የመጀመሪያው ነው። ጠፍጣፋ ጎን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ከሆነ ግን ከድሮዎቹ ባለቤቶች አንዱ ቀይሮታል። ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ግፊት አይችልም። ያብጥና በመጋጠሚያው ይቀደዳል። እንግዲህ ቫልቩ ከየት እንደተገናኘ ሳታይ «እስቲ ልሞክረው» ብለህ ኮምፕሬሰር እንዳትሰካ።

የብረቱ ታንክ ቢሆንም አደራህን ንፋስ አትሙላበት። ከ50 ዓመት በላይ ውሃ ሲመላለስበት የኖረ ብረት ነው። ከውጭ ያምራል፣ ከውስጥ ዝገት ሳስቶታል። የታመቀ ንፋስ ያለበት ዕቃ ሲፈነዳ ከቦምብ አይተናነስም። መሞከር ካለብህ በውሃ ነው የሚሞከረው። ታንኩን ንፋስ ሳታስቀር እስከ አፉ ውሃ ትሞላለህ። ከዚያ በግፊት መቀነሻ አድርገህ ከቤት ቧንቧ ታገናኘዋለህ። ውሃ ስለማይታመቅ ቢቀደድም ያንጠባጥባል እንጂ አይፈነዳም። መቀነሻው ከ40 እስከ 50 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያሳልፈው ዓይነት ይሁን። ለማንኛውም አሮጌ አርቪ (እንደ ሞተርሆም ያለ ተንቀሳቃሽ ቤት) ከዚህ በላይ አታስገባ።

እኔ ብሆን የፕላስቲክ ታንክና የ12 ቮልት ፖምፓ እገጥማለሁ። ወጪው ብዙ አይደለም፣ ሥራውም የአንድ ቅዳሜ ነው። ቫልቩን ግን ከነክዳኑ እዚያው ተወው። ከነቀልከው በግድግዳው ላይ አዲስ ቀዳዳ አተረፍክ። የእነዚህን መኪናዎች ዕድሜ የሚያሳጥረው ከሞተሩ ይልቅ ዝናብ ነው። ከላሜራው ጀርባ ያለው እንጨት ነው። አንዴ ውሃ ከገባበት ሳይታይ ይበሰብሳል፣ ግድግዳው በጣት ሲነካ እንደ ስፖንጅ መግባት ሲጀምር ነው የምታውቀው።

ለባለቤትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ግምቷ ያን ያህል አልራቀም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እኔና ወንድሜ የ1976 ጂኤምሲ ሞተርሆም ገዛን። 26 ጫማ ርዝመት አለው። ሁለት ነገር ግራ ገባን። አንደኛ፣ ከሽንት ቤቱ ታንክ አንድ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። ወንድሜ «የሆነ ሰው ተሳስቶ ነው የገጠመው» ይላል። ሁለተኛ፣ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ የኋላውን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ማብሪያዎች አሉ። ቤት ለምን ከፍ ዝቅ ይላል? — ወ.፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ ከተላኩልኝ ሁሉ የወደድኩት ያንቺን ነው።

ማንም አልተሳሳተም። የሽንት ቤቱ ቱቦ ወደ ጭስ ማውጫው የሚሄደው ሆን ተብሎ ነው። ቴትፎርድ የሚባለው የአርቪ ሽንት ቤት ሠሪ በ70ዎቹ ያወጣው ቴርማሳን የሚባል ዘዴ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው ይፈጫል። ከዚያ መኪናው በአውራ ጎዳና ፍጥነት ሲሄድ ፖምፓ ጥቂት በጥቂት እያደረገ የጋለው ጭስ ማውጫ ውስጥ ይረጨዋል። ውሃው ይተናል፣ ቀሪው ይቃጠላል፣ ከጭሱ ጋር ይወጣል። እየነዳሽ ታንኩ ይጎድላል። ማራገፊያ ቦታ ፍለጋ መዞር ቀረ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ጎበዝ ነው። ከኋላ ለሚከተለው ሰው ግን ማንም ያሰበለት አይመስለኝም።

ቀዝቃዛ ጭስ ማውጫ ይህን ሥራ አይሠራም። ለዚህ ነው በፍጥነት ሲሄድ ብቻ የሚነሳው። ከተማ ውስጥ ከመብራት መብራት ስትቆሚ ቢነሳ ምን እንደሚሆን ለማሰብ ብዙ አያስፈልግሽም።

ዛሬ ግን አገልግሎቱ አብቅቷል። ማራገፊያ ቦታ በየካምፑ አለ። ይህን ነገር አታስነሺው፣ ግን በግማሽ ነቅለሽም አትተዪው። ከታንኩ በኩል ያለውን አፍ በደንብ አስደፍኚ። ከጭስ ማውጫው በኩል ያለውን ቀዳዳ ደግሞ ብየዳ ያውቅበታል ለሚባል ሰው ሰጥተሽ አስበይጂው። በጨርቅ ወይም በቴፕ መጠቅለል የለም። ከማርሚታው (ከድምፅ ማፈኛው) በፊት የተከፈተ ቀዳዳ ጭሱን ወለሉ ሥር ይለቀዋል። ከላዩ ደግሞ ሰው ይተኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ማስጠንቀቂያ መሣሪያውን ዛሬውኑ ግዢ። ፖምፓውንና የስም ሰሌዳውን ግን አትጣሉት። ጂኤምሲ ሰብሳቢዎች እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ይፈልጉታል።

ወደ ሁለተኛው። ይህ መኪና የተሠራው ፖንቲያክ፣ ሚቺጋን ነው። ከ1973 እስከ 1978 ብቻ። በጠቅላላው ወደ 13 ሺህ ገደማ ነው የወጣው። የሚጎትተው በፊት ጎማ ነው። ሞተሩና ማርሹ ቶሮናዶ ከምትባለው የኦልድስሞቢል መኪና የመጡ ናቸው። ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርስ ካርዳን የለውም። ስለዚህ ወለሉን በጣም ዝቅ ማድረግ ቻሉ። ኋላ በየጎኑ ሁለት ጎማ አለ፣ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፎ። ባሌስትራ የለም። በሁለቱ ጎማዎች መሃል አንድ የንፋስ ከረጢት አለ። በኮምፕሬሰር ይሞላል፣ ይተነፍሳል። ማብሪያዎቹ የዚያ ናቸው።

ለምን ካልሽ፣ ለመንገዱ ምቾት አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን ለፍሪጁ ነው። አዎ፣ ለፍሪጁ።

አሮጌ አርቪ ውስጥ ያለው ፍሪጅ እንደ ቤታችን ፍሪጅ ኮምፕሬሰር የለውም። በእሳት ነው የሚቀዘቅዘው። ሁለት የስዊድን ተማሪዎች፣ ፎን ፕላተንና ሙንተርስ፣ በ1922 ያመጡት ብልሃት ነው። ትንሽ የጋዝ ነበልባል አሞኒያውን ከውሃ ለይቶ ያተነዋል። አሞኒያው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ፈሳሽ ሆኖ በራሱ ክብደት ይወርዳል። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ድምፅም የለውም። «በራሱ ክብደት» የሚለውን ያዢልኝ። መኪናው አዘንብሎ ከቆመ ፈሳሹ መውረድ አቅቶት ይቆማል። እሳቱ ግን መሥራቱን ይቀጥላል። ማፍያው ይግላል፣ ውስጡ ያለው ዝገት መከላከያ ይረጋና ቱቦውን ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ፍሪጁ አይድንም። እንግዲህ የድሮ ሰዎች ካምፕ ሲደርሱ መጀመሪያ ውሃ ልክ ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ በማብሪያዎቹ የኋላውን ያስተካክላሉ፣ ፍሪጁ የሚለኮሰው ከዚያ ነው። ያንቺም መኪና ማጀት ወይም ፍሪጅ ውስጥ የተለጠፈች ትንሽ ውሃ ልክ ካለች አትንቀሉብኝ።

ፍሪጁ ጀርባ ቢጫ ዱቄት ካያችሁ ደግሞ በእጅ እንዳትነኩ። አፍስሷል ማለት ነው፣ ዱቄቱ መርዝ ነው።

አንድ ነገር ለወንድምሽ ንገሪልኝ። ከረጢቱ ንፋስ ስለያዘ ብቻ ከሥሩ እንዳይገባ። ያረጀ ጎማ ነው፣ ሳይናገር ይተነፍሳል። ሥር ከመግባቱ በፊት ክሪክ ብቻ ሳይሆን ጠንካራ የብረት ድጋፍ ሻሲው ሥር ያድርግ። ጎበዝነት እዚያ ላይ አይታይም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ የ80ዎቹ ትልቅ ሞተርሆም ገዝቶልኛል። ማጀቱ ላይ፣ መክተፊያው መሃል፣ ክብ የብረት ክዳን አለ። ሲከፈት መሃሉ ላይ የሚሽከረከር ጥርስ ይታያል፣ ጎኑ ላይም ማዞሪያ አለው። በርበሬ መፍጫ ይሆን? — የሲያትሏ አንባቢዎ

መልስ፦ እመቤቴ፣ ተቃርበዋል። ኑቶን የሚባል ኩባንያ ይሠራው የነበረ ነው። ሞተሩ ከመክተፊያው ሥር ተቀብሯል። ከላይ የሚታየው ጥርስ ብቻ ነው። ጁስ መምቻውን፣ ሊጥ ማቡኪያውን፣ ቢላ መሳያውን እየቀያየሩ እዚያው ላይ ይተክሉታል። አንድ ሞተር ለሁሉ ይበቃል። ቦታ ለሚጠብበት ማጀት ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም፣ አሁን ለምን እንደቀረ አይገባኝም። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ላዩ ላይ የሚተከለው ዕቃ ነው። በየቁም ሣጥኑ ታች ይፈልጉት፣ ካጡት ያገለገለ ይሸጣል።

የሚሠራው ግን በቤት መብራት ነው፣ በ120 ቮልት። በባትሪ ብቻ ከሆኑ አይነሳም። በርበሬውን ተዉት። ለድልህ የሚሆን እርጥብ ነገር ይፈጭልዎታል። ደረቅ ዛላ ግን ሞተሩን ያሞቀዋል፣ ሽታውም ከዚያ መኪና ውስጥ ዕድሜ ልክ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የኔ ላይ የመብራት ገመድ የሚጠቀለልበት ሣጥን ውስጥ አንድ ትልቅ ሶኬት አለ። ገመዱን ከማስቀመጥ በቀር እዚያ ምንም የሚሰካ የለም። ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ «ሞም» የሚል ማብሪያ አለ፣ ስጫነው ምንም የለም። ጄኔሬተሩም ነዳጅ እያለ ቀጥ ይላል። — ቴ.፣ ከዳላስ

መልስ፦ ሦስቱም ተበላሽተው አይደለም።

ሶኬቱ የጄኔሬተሩ ነው። ካምፕ ስትሆን ገመዱን አውጥተህ ከካምፑ መብራት ትሰካለህ። ጄኔሬተር ስታስነሳ ደግሞ ያንኑ ገመድ ጫፍ ሣጥኑ ውስጥ ባለው ሶኬት ትሰካለህ። መብራቱ በገመዱ ዞሮ ወደ ቤቱ ይገባል። ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ገመዱ አንድ ስለሆነ ጄኔሬተሩና የካምፑ መብራት ባንድ ጊዜ ሊገናኙ አይችሉም። ምንም ዓይነት አውቶማቲክ ከዚህ አይበልጥም። «ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ቤቱ ውስጥ ግን መብራት የለም» ብለው መኪና ጎትተው የሚያመጡልኝ ሰዎች አሉ። ገመዱን ሰክቼ እመልሳቸዋለሁ። ቡና ይጋብዙኛል።

«ሞም» ለቅጽበት ለማለት ነው። መኪናህ ሁለት ዓይነት ባትሪ አለው፣ የሞተርና የቤት። የሞተሩ ባትሪ ሲደክም ያንን ማብሪያ ተጭነህ ይዘህ ቁልፉን ታዞራለህ። የቤቱ ባትሪ ተደርቦ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ያግዛል። ስትለቀው ይለያያሉ። ቁልፍ ሳታዞር ብትጫነው ቀጭ ከሚል ድምፅ በቀር ምንም አትሰማም። ቀጭ የሚለውም ከሌለ ማገናኛው ተቃጥሏል፣ ርካሽ ነው፣ ቀይረው።

ጄኔሬተሩ የሚጠጣው ከመኪናው ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ነው። ግን የሚስብበት ቱቦ ታች ድረስ አይደርስም። ነዳጁ ሩብ ገደማ ሲቀር ቱቦው ንፋስ ይስባል፣ ጄኔሬተሩ ይቆማል። ሌሊቱን ሙሉ ኤሲ ስታስነዳ አድረህ ጠዋት በረሃ መሃል ነዳጅ አልቆብህ እንዳትቀር ነው። ቱቦውን አስረዝማለሁ የሚል መካኒክ ካገኘህ ሂድበት፣ ወደ ሌላ ጋራዥ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግድግዳዬ ላይ ማሾ የመሰለ ነገር አለ። ትንሽ የመስታወት ክዳን አለው፣ ከሥሩ የመዳብ ቱቦ ይገባል። ጌጥ ነው? ልለኩሰው? — መ.፣ ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ ማሾ ነው። ልዩነቱ በላምባ ፈንታ በፕሮፔን መሥራቱ ነው። ባትሪ ደካማ በነበረበት ጊዜ ሌሊት የሚበራው እሱ ነበር። ብርሃኑ ደስ ይላል፣ ክረምት ላይ ሙቀቱም አይናቅም።

ከመለኮስህ በፊት ግን የጋዝ መስመሩን ፈቃድ ባለው ሰው አስፈትሽ። ትክክለኛው ግፊት 11 ኢንች የውሃ ዓምድ (የጋዝ ግፊት የሚለካበት ነው) ነው። መለኪያ የሌለው ሰው «ሽታ የለውም፣ ደህና ነው» ቢልህ አትቀበለው። አንተ ራስህ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ መቀባት ትችላለህ፣ አረፋው ካበጠ ጋዝ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካየህ ካጠገቡ ዞር በል።

ውስጡ ያለችውን የነጣች ጨርቅ በእጅህ አትፍርካት፣ ዱቄቷንም አትሳብ። የድሮዎቹ ላይ ቶሪየም የሚባል መጠነኛ ጨረር ያለው ነገር ነበር። በእርጥብ ወረቀት አንስተህ በፕላስቲክ አስረህ ጣላት። አዲሶቹ ቶሪየም የላቸውም፣ ስትገዛ ማሸጊያው ላይ አንብብ። ስታበራው መስኮትና የጣሪያውን መተንፈሻ ክፈት፣ ልትተኛ ስትል ደግሞ አጥፋው። የመዳቡን ቱቦ ጫፍ እስከ ሲሊንደሩ ተከትለህ ፎቶ ላክልኝ። መሃል ላይ በጎማ ቱቦ የቀጠሉት ከሆነ መልሴ ይለወጣል።